ዳጉ፣ ነጋሪት፣ ጋዜጣ፦ የአሊዩ አምባ ገበያና የዜና አካላት

አበው «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት» ብለዋል። ቃሏ አጭር ናት፤ የያዘችው ትምህርት ግን ዛሬ በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት በብዙ ሰዓት የሚሰጠውን ያህል ነው። የነገሩህን ሁሉ እንደ ወረደ አትቀበል፤ ማን እንዳለው፣ የት እንደታየ፣ መቼ እንደሆነ ጠይቅ፤ ጠይቀህም መዝን ማለት ነው። ጋዜጣ የምንለው ነገር ከዚህ ምክር ብዙ አይርቅም። ከላይ እስከ ታች ያሉት ክፍሎቹ፣ ከስሙ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ገጽ ማስታወቂያ ድረስ፣ ሰው ወሬ በሰማ ቁጥር ለሚያነሣቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ የጋዜጣን አካላትና የጋዜጠኝነትን መነሻ ቃላት አንድ በአንድ ለማየት አስቤአለሁ። ማሳያ አድርጌ የምወስደው ግን የማተሚያ መኪና ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት ዜና ከሸቀጥ እኩል ይለዋወጥበት የነበረውን አንድ ገበያ ነው። እርሱም የአሊዩ አምባ ገበያ ነው።

የዓርቡ ገበያ

ከአንኮበር ተራራ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ከመጀመሩ በፊት አሊዩ አምባ ትገኛለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ይህች መንደር የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከዘይላ ወደብ ተነሥተው የአፋርን በረሃ ያቋረጡ ሲራራ ነጋዴዎች በፋሬ በኩል ወጥተው ወደ እርሷ ይገቡ ነበር። ዓርብ ዓርብ በሚቆመው ገበያዋ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ የደጋው አማራና ኦሮሞ ይገናኙበታል። አሞሌ ጨው ከበረሃው ይወጣል፤ ቡናና ጥጥ፣ በቅሎና እህል ይገበያያል፤ ሒሳቡ በአሞሌ ወይም በማርያ ትሬዛ ብር ይወራረዳል።

ነገር ግን ከሸቀጡ ሁሉ ቀድሞ የሚራገፈው ወሬ ነበር። መንገዱ ሰላም ነው? የትኛው ጎሣ ከየትኛው ተጣልቷል? ወደቡ ላይ ምን መርከብ ቆሟል? ጨው ምን ያህል ገባ? ነጋዴው ዋጋ የሚቆርጠው፣ ግመሉን የሚጭነው ወይም ጉዞውን የሚያዘገየው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። የተሳሳተ ወሬ በገበያው ላይ ገንዘብ ያከስራል፤ በበረሃው ላይ ደግሞ ነፍስ ያስከፍላል።

አፋሮች ለዚህ ጉዳይ ሥርዓት አበጅተውለታል፤ ዳጉ ይባላል። ሁለት መንገደኞች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ተሰጣጥተው በችኮላ አይተላለፉም። አረፍ ብለው፣ አንዱ ያየውንና የሰማውን በዝርዝር ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም በተራው ይናገራል። ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው? ከማን ሰማኸው? የት? መቼ? በዓይን የታየው በጆሮ ከተሰማው ተለይቶ ይቀመጣል። ዳጉን አዛብቶ የተናገረ ሰው በወገኖቹ ዘንድ መታመንን ያጣል፤ በጎሣው ሥርዓትም ይጠየቃል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ዛሬ ጋዜጠኛው «ምንጭ» የሚለው፣ «ማጣራት» የሚለው፣ «ተጠያቂነት» የሚለው ሁሉ በአንዲት የግራር ጥላ ሥር ተሟልቶ ይገኛል።

ነጋሪትና የፊት ገጽ

ዳጉ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ዜና ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ደግሞ ዐዋጅ ነበር። በገበያ ቀን ነጋሪት ይጎሰማል፤ ዐዋጅ ነጋሪው ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ የንጉሡን ቃል ያሰማል፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማ ዘንድም ይታዘዛል። የገበያ ቀን የሚመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሚ የሚበዛው በዚያ ቀን ነውና፣ በዛሬው ቋንቋ «ሥርጭቱ» ሰፊ የሚሆንበት ዕለት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የዐድዋን ክተት ያወጁት ነጋሪት አስጎስመው ነበር።

የጋዜጣ የፊት ገጽ የነጋሪቱ ልጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በዕለቱ ከተከናወነው ሁሉ መጀመሪያ ሊሰማ የሚገባው በዚያ ላይ ይወጣል። ዝምድናውም በስም ተጽፏል፤ የአገሪቱ ሕጎች የሚታወጁበት ጋዜጣ መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ፤ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮም «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ» በሚል ስም ቀጠለ። ከበሮውና ወረቀቱ በአንድ ስም ታሰሩ።

ይሁን እንጂ ታላቅ ልዩነት አለ። ነጋሪት መልስ አይቀበልም። ዐዋጅ ነጋሪውን «ምንጭህ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ቢኖርም ወዮለት። ዳጉ በአንጻሩ ያለ ጥያቄ አይቆምም፤ ነገር ግን ድምፁ እንደ ነጋሪት ሩቅ አይሰማም፤ በጽሑፍም አይቀመጥም። እንደ እኔ እምነት ጋዜጣ ጋዜጣ የሚሆነው የሁለቱን በረከት ሲያስማማ ነው፤ እንደ ነጋሪት ለሁሉ ሲያሰማ፣ እንደ ዳጉ ደግሞ ሲጠይቅና ሲጠየቅ። ከዚህ በታች የምናያቸውን የጋዜጣ ክፍሎች በዚህ ሚዛን ብንመዝናቸው ሥራቸው ይበልጥ ይገለጥልናል።

ስም፣ ዓመት፣ ቁጥር

«ጋዜጣ» የሚለው ቃል የመጣልን ከጣሊያንኛ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በቬኒስ ከተማ በእጅ የተጻፉ የወሬ ወረቀቶች ይሸጡ ነበር፤ ዋጋቸው ጋዜታ የምትባል አንዲት ትንሽ ሳንቲም ስለነበረች ወረቀቱ በሳንቲሟ ስም ተጠራ ይባላል። ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ሲቆጥር ለሚውል የባንክ ሠራተኛ ይህ ደስ የሚል ታሪክ ነው። በአሊዩ አምባ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣችን ምናልባት «አሞሌ» ይባል ነበር።

በጋዜጣው ግንባር ላይ ስሙ በትልቁ ይጻፋል። ከስሙ ግራና ቀኝ ወይም ከሥሩ ዓመቱ (ቅጹ)፣ ቁጥሩ፣ ዕለቱና ዋጋው ይሰፍራሉ። እነዚህ ጥቃቅን ጽሑፎች ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም። ቁጥሩ ወረቀቱ ከየትኛው ሰንሰለት የትኛው ቀለበት እንደሆነ ይናገራል፤ ዕለቱ ወሬው መቼ እንደተነገረ ይመሰክራል። ቀን የሌለው ቼክ እንደማይመነዘር ሁሉ ቀን የሌለው ወሬም ለታሪክ አይመነዘርም።

የአገራችን ጋዜጦች ስሞች ራሳቸው ታሪክ ናቸው። በአማርኛ የመጀመሪያው ጋዜጣ የሚባለው «አእምሮ» በ1890ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያስ ተጀመረ። መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ 24 ቅጂ ብቻ ይዘጋጅ ነበር፤ ስሙንም ያወጡለት ምኒልክ እንደሆኑ ይነገራል። ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት ላለ ሕዝብ፣ የመጀመሪያ ጋዜጣውን «አእምሮ» ብሎ መሰየም ምንኛ የተገባ ነው! ቀጥሎ «ብርሃንና ሰላም» በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን አሳቢነት ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ፤ አዘጋጁ ገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደግሞ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ተወለደ። አእምሮ፣ ብርሃን፣ አዲስ ዘመን፤ ሦስቱም ስሞች ወሬን ሳይሆን ወሬው ሊያመጣ የታሰበውን ተስፋ የሚናገሩ ናቸው። ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤት የመሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም የእኛው የሰሜን ሸዋ፣ የመርሐ ቤቴ ተወላጅ ነበሩ። በስማቸው ሁሉ የንጋት ብርሃን ያለበት ትውልድ ነበር።

በውስጥ ገጽ በአንዱ ጥግ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። የአሳታሚው ስም፣ የዋና አዘጋጁና የምክትሉ ስም፣ አድራሻ፣ ማተሚያ ቤቱ ይጻፍባታል። አብዛኛው አንባቢ አያያትም። እኔ ግን የጋዜጣውን ፊርማ የማየው በእርሷ ላይ ነው፤ የተጻፈው ሐሰት ቢሆን ተጠሪው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በእርሷ ነውና።

አርዕስተ ዜናና መግቢያ

አርዕስተ ዜና የዜናው ነጋሪት ነው። አጭር፣ ጥርት ያለ፣ ድርጊቱን የሚናገር ሊሆን ይገባል። ከሥሩ የሚመጣው ንዑስ ርእስ ጥቂት ያብራራል። ከዚያ የዜናው መግቢያ ይከተላል፤ ይህ አንድ ወይም ሁለት ዐረፍተ ነገር ሲሆን ስድስት ጥያቄዎችን ለመመለስ ይጣጣራል፦ ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን? እንዴት?

ከአሊዩ አምባ ታሪክ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአገራችን ተራኪ እንግዶቹ የመጡበትን ነገር ሲናገር «ከዕለታት አንድ ቀን፣ በደጉ ንጉሥ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ…» ብሎ ይጀምርና ዋናውን ነገር ለመጨረሻ ያቆየዋል። የዜና ጸሐፊ ግን እንዲህ ይላል፦

«ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ለመዋዋል ከቦምቤይ የተላከው፣ በካፒቴን ዊልያም ኮርንዎሊስ ሐሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ በጁላይ 1841 አሊዩ አምባ ገባ።»

ስድስቱም ጥያቄዎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ተመለሱ። ከዚህ በኋላ የሚጨመረው ሁሉ ማብራሪያ ነው፤ ውሉ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 16 ቀን መፈረሙ፣ ቡድኑ በሸዋ እስከ 1843 መቆየቱ፣ ሌላውም ሌላውም እንደ ጠቀሜታው ቅደም ተከተል ይደረደራል። ይህን አጻጻፍ ባለሙያዎች «የተገለበጠ ፒራሚድ» ይሉታል፤ ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መግቢያ በምዕራቡ ዓለም የተስፋፋ ሥርዓት ነው። ጥቅሙ ሁለት ነው፤ የቸኮለ አንባቢ የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብቦ ቢተወው ዋናው ነገር አያመልጠውም፤ ገጹ የጠበበበት አዘጋጅም ከታች ቢቆርጥ ዜናው አይሞትም።

በመግቢያው መነሻ ላይ ዜናው የተጠናቀረበት ቦታና ቀን ይቀመጣል። «ደብረ ብርሃን» ብሎ የሚጀምር ዜና ዘጋቢው ደብረ ብርሃን ሆኖ እንደጻፈው ይመሰክራል። የጸሐፊው ስም ደግሞ ከርእሱ ሥር ወይም ከዜናው መጨረሻ ይሰፍራል። እነዚህ ሁለቱ፣ ቦታና ስም፣ የዳጉ ጥያቄዎች ናቸው፦ የት ነበርክ? አንተስ ማን ነህ?

ምንጭ

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ብሂል ለጋዜጠኛ የተነገረ ይመስላል። አንድ ሰው የነገረው ወሬ ነው፤ እርስ በርሳቸው ያልተማከሩ ሁለት ሰዎች የመሰከሩት ወደ ዜናነት ይቀርባል።

አሊዩ አምባን በተመለከተ ዕድል ሆኖ ሁለት ምስክሮች አሉን። ሐሪስ የጉዞውን ታሪክ በሦስት ቅጽ መጽሐፍ አድርጎ በ1844 ለንደን ላይ አሳተመ። በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ከተማ፣ ቻርልስ ጆንስተን የተባለው ሐኪም በ1842 እና በ43 ያየውን በሁለት ቅጽ አወጣ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ገበያ አይተዋል፤ የቆሙበት ቦታ ግን የተለያየ ነበር። ሐሪስ ወታደርና ገጸ በረከት አስከትሎ የመጣ የመንግሥት መልእክተኛ ነው፤ አንኮበርን የሚያየው ከንጉሡ ግብዣ ላይ ሆኖ ነው። ጆንስተን በአሊዩ አምባ ቤት ይዞ፣ በንዳድ እየታመመ፣ ከጎረቤት ጋር የኖረ ሰው ነው። የመጀመሪያው ግርማውን ሲያሳየን ሁለተኛው ጓዳውን ያሳየናል። ታሪክ ጸሐፊ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያነብ፣ አንዱ የደበቀውን ሌላው ይገልጥለታል። ጋዜጠኛ በአንድ ቀን ሊሠራው የሚገባውም ይህንኑ ነው።

ምንጭ ባለበት በረኛም አለ። በዚያ ዘመን ከቆላው በኩል ወደ ሸዋ የሚገባ የውጭ ሰው ሁሉ የምሥራቁን ዳርቻ በሚጠብቁት በወላስማ መሐመድ እጅ ማለፍ ነበረበት፤ የንጉሡ ፈቃድ እስኪመጣም ድንበሩ ላይ ይጠብቃል። ማን ገብቶ ምን እንደሚያይ የሚወሰነው ከላይ ነበር። ጋዜጣ ከመጣ በኋላ ይህ በረኛ ስሙን ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ «ሳንሱር» ተባለ። በዘውዱም በደርግም ጊዜ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ይመረመር ነበር። የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ የነበረው ደራሲ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ካሳተመ በኋላ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሱም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። የ1985ቱ የፕሬስ ዐዋጅ፣ ኋላም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት 29ኛ አንቀጽ ቅድመ ምርመራን ከለከሉ። ከዚያ ወዲህም ቢሆን በጻፉት የታሰሩና አገር ጥለው የተሰደዱ ጋዜጠኞች ብዙ መሆናቸውን አንባቢ አይስተውም።

ርእሰ አንቀጽ፣ ዐምድና ደብዳቤ

ዜና የሆነውን ይናገራል፤ አስተያየት ሊሆን ይገባል የሚባለውን ይናገራል። መልካም ጋዜጣ እነዚህን ሁለቱን በተለያየ ገጽ፣ ቢያንስ በተለያየ ርእስ ሥር ያስቀምጣል። ጤፍና እንክርዳድ በአንድ ቁና እንደማይሰፈር ሁሉ ማለት ነው። እንክርዳዱ የቱ እንደሆነ ግን ለአንባቢ ልተወው።

ርእሰ አንቀጽ የጋዜጣው የራሱ አቋም ነው፤ ስለዚህም ስም አይጻፍበትም፤ ተጠያቂው ቤቱ ሁሉ ነው። ዐምድ በመደበኛ ቦታና ጊዜ የሚወጣ የአንድ ጸሐፊ ሐሳብ ነው። መጣጥፍ ሰፋ ያለ ጽሑፍ ሲሆን፣ ሐተታ ደግሞ ከዜናው ጀርባ ያለውን ምክንያትና ውጤት ይተነትናል። በእኛ አገር ርእሰ አንቀጽን የራሱ መልክ ያስያዘው «አዲስ አድማስ» ነው። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጣው ይህ ጋዜጣ ርእሰ አንቀጹን በተረት ይጀምርና በምሳሌያዊ አነጋገር ያሳርጋል። የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ የነበረው ገጣሚና ተርጓሚ ነቢይ መኰንን በ2016 ዓ.ም. ቢለየንም፣ የተገለበጠውን ፒራሚድ ትቶ በአያቶቻችን የትረካ ሥርዓት ፖለቲካን መናገር እንደሚቻል አሳይቶን አልፏል። የሽማግሌ ቃል በጋዜጣ ገጽ ላይ ቦታ አገኘ።

የአንባብያን ደብዳቤ የጋዜጣው የዳጉ ገጽ ነው። አንባቢው መልስ ይሰጥበታል። ስለ አካባቢያችን በጋዜጣ ከወጡት ጥንታዊ ደብዳቤዎች አንዱ የጸሐፊው ማንነት የሚያስደንቅ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ከታጁራ አስጭኖ በ1887 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ አንኮበር ስላልነበሩ እስከ እንጦጦ ሄደ፤ በንግዱም አልተሳካለትም። በዚያው ዓመት ኦገስት ካይሮ ይታተም ለነበረው «ለ ቦስፎር ኤጂፕሲየን» ለተባለው የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ዳይሬክተር ረጅም ደብዳቤ ላከ፤ ጋዜጣውም በ25 እና በ27 ኦገስት ሁለት ጊዜ ከፍሎ አወጣው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ንግዱ፣ ስለ ምኒልክ የሚናገር ጽሑፍ ነው። ከዓለም ታላላቅ ገጣሚዎች አንዱ የሆነው ሰው ስለ ሸዋ የጻፈው በስንኝ ሳይሆን በጋዜጣ ቋንቋ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ገጣሚም ሲያስፈልግ ዋጋና ርቀት ይቆጥራል።

ማስታወቂያ

የባንክ ሰው ጋዜጣን የሚያነበው ከኋላ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። የጨረታ ማስታወቂያ፣ የሐራጅ ማስታወቂያ፣ የጠፋ ሰነድ፣ የስም ለውጥ፣ የፍርድ ቤት ጥሪ እዚያ ይገኛሉና። ብድር ያልተከፈለበት ቤት በሐራጅ ከመሸጡ በፊት በጋዜጣ ይወጣል፤ የቤቱ ቦታ፣ ስፋቱ፣ የመነሻ ዋጋው፣ ጨረታው የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት ይዘረዘራል። አንባቢ ይህን ደረቅ ጽሑፍ ነው ብሎ ያልፈዋል። ልብ ብሎ ላየው ግን በውስጡ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አለ። ስድስቱ ጥያቄዎች ሁሉ በትክክል የሚመለሱበት የጋዜጣ ክፍል ቢኖር ይህ ነው፤ ከ«ለምን» በቀር። ለምን እንዳልከፈሉ ማስታወቂያው አይናገርም።

ማስታወቂያ ለጋዜጣው የዕለት እንጀራው ነው። የሚሸጥበት ዋጋ የወረቀቱንና የኅትመቱን ወጪ እምብዛም አይሸፍንምና ጎደሎውን የሚሞላው ማስታወቂያ ነው። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ እንጀራ የሚሰጥህን ሰው «ምንጭህ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። ስለዚህ ዜናና ማስታወቂያ በመስመር ተለይተው መቀመጥ አለባቸው፤ ተከፍሎበት የወጣ ጽሑፍ ተከፍሎበት እንደወጣ ሊታወቅ ይገባል። በአሊዩ አምባ ገበያ የራሱን ጨው የሚያሞግስ ነጋዴ ሻጭ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ዳጉ ነገረኝ አይልም።

እርማት

ከጋዜጣ ክፍሎች ሁሉ ትንሿ «እርማት» ናት። ባለፈው እትም ስሙን ያዛባነው፣ ቁጥሩን ያሳሳትነው ይታረም የምትለው አራት መስመር ናት። ነጋሪት እርማት የለውም። ዐዋጅ የሚሻረው በሌላ ዐዋጅ እንጂ «ተሳስተን ነበር» በሚል ቃል አይደለም። ጋዜጣን ከነጋሪት የሚለየው ትልቁ ምልክት ይህች አራት መስመር ናት ብል እደፍራለሁ።

ታሪክም እርማት ያስፈልገዋል። የአሊዩ አምባን ገበያ ግርማ ስናወሳ አጠገቧ አብዱል ረሱል በምትባለው መንደር የሰው ልጅ ይሸጥ እንደነበር መሸሸግ የለብንም። ተጓዦቹ ጽፈውታል። የጨውን ዋጋ፣ የበቅሎውን ዋጋ፣ የሰውንም ዋጋ እናውቃለን። የተሸጡት ሰዎች ስም ግን አንድም የለንም። ከየት እንደተወሰዱ፣ እናታቸው ማን እንደነበረች፣ በረሃውን ተሻግረው የት እንደደረሱ የጠየቃቸው አልነበረም። በዚያ ገበያ ዳጉ ነበር፣ ነጋሪት ነበር፣ ከለንደን የመጣ ጸሐፊም ነበር፤ ለእነርሱ ግን ሦስቱም ዝም አሉ። ኢትዮጵያ መስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ በዚያው ዓመትም የባሪያ ንግድን የሚያግድ ዐዋጅ ሲወጣ፣ ነጋሪቱ ዘግይቶ ተናገረ። ዜና የሚመዘነው በያዘው ብቻ ሳይሆን በተወውም ነው። «ማን?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል።

መንገዱ ሲለወጥ

ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ካዛወሩ በኋላ፣ የጂቡቲው ባቡርም በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የሲራራው መንገድ ቀዘቀዘ። ሸቀጡ ወደ ሐዲዱ ሲዞር ወሬውም አብሮት ዞረ። ጋዜጣ በአዲስ አበባ ሲበዛ አሊዩ አምባ ከፊት ገጽ ወደ ውስጥ ገጽ፣ ከውስጥ ገጽም ወደ ዝምታ ወረደች። የንግድ መንገድ ሲያልፍባት ስሟ ለንደን ድረስ የታተመ መንደር፣ መንገዱ ሲተዋት በገዛ አገሯ ጋዜጣ እንኳ ብዙም የማትነሣ ሆነች።

ዛሬ ደግሞ ወሬ መንገድም ሐዲድም አይፈልግም፤ በእጃችን ባለው ስልክ ውስጥ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ በመጣ ጊዜ፣ ከዚያም ወዲህ ዞናችን ካላየው ሰላም የተነሣ፣ ቀን የሌለው፣ ቦታ የሌለው፣ የተናጋሪው ስም የሌለው ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ምን እንደሚያደርግ አይተናል። መሸሽ የሌለበትን ያሸሻል፤ መሸሽ ያለበትን ያስቀምጣል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጠራጥራል። ወሬው ፍጥነቱ የነጋሪት ነው፤ የዳጉ ጥያቄ ግን የለበትም።

ስለዚህ የጋዜጣን አካላት ማወቅ የጋዜጠኛ ብቻ ሥራ አይደለም። በስልካችን የሚደርሰን ወሬ ሁሉ እንደ ጋዜጣ ገጽ ሊፈተሽ ይችላል። ቀኑ የት አለ? ቦታው የት ነው? የጻፈው ማን ነው? ያየው ነው ወይስ የሰማው? ሁለተኛ ምስክር አለው? ዜና ነው ወይስ አስተያየት? የተከፈለበትስ ይሆን? ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚያርመው ማን ነው? በባንክ ቤት መስኮት ፊርማ የሌለበትን ቼክ ይዞ የመጣን ሰው፣ ወንድማችንም ቢሆን፣ «ይቅርታ፣ አይመነዘርም» ብለን እንመልሰዋለን። ፊርማ የሌለበትን ወሬ ግን ሳናመነታ ተቀብለን ለሌላው እንመነዝራለን። ኪሳራው ከገንዘብ ይበልጣል።

በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በጽሑፍ ያለ ሐሰትም እኩል ይወረሳል። በአፋር በረሃ ጫፍ፣ ፊደል ያልቆጠሩ መንገደኞች ግመላቸውን አቁመው «ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?» ብለው ይጠያየቁ ነበር። እኛ የተማርነው ከእነርሱ ባነሰ ጥንቃቄ ወሬ ልንቀበል አይገባንም።

ቸር ወሬ ያሰማን።